ኢኮኖሚያዊ ቀጠና ምንድን ነው? ባሕር መጋራት ብቻውን አይበቃም

ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ «የቀይ ባሕር አገሮች አንድ ኢኮኖሚያዊ ቀጠና ናቸው» ሲል ሰማሁ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርስም። ማስረጃው ሁልጊዜ ካርታ ነው። ካርታ ደግሞ ማን ከማን እንደሚነግድ አይናገርም። ቀጠና የሚባለው የአንዱ ገበያ ሲናጋ የሌላውም ዋጋ አብሮ ሲናጋ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ነኝና በጣና ላስረዳ። ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነ ታንኳ ይመጣል፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ቀዛፊው ከእንጨቱ ክምር ኋላ ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚታየው። ማገዶውን ይሸጣል፣ ጨውና ሳሙና ሸምቶ ይመለሳል። ዘጌና ባሕር ዳር በዚህ ተሳስረዋል። የፎገራ ሩዝና የሜጫ በቆሎስ? ሁለቱም ለጣና ቅርብ ናቸው፤ ግን በኤፍኤስአር የጭነት መኪና ተጭነው እስከ አዲስ አበባ ይሄዳሉ እንጂ በሐይቁ በኩል አይገናኙም። ውሃው አንድ ነው፣ ገበያው ሌላ።

ጥቁር ባሕርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢስታንቡል ላይ 11 አገሮች የጥቁር ባሕር የኢኮኖሚ ትብብርን መሠረቱ። አምስቱ፣ ማለትም አልባኒያ፣ አርሜኒያ፣ አዘርባጃን፣ ግሪክና ሞልዶቫ፣ ያን ባሕር የሚነካ ጠረፍ የላቸውም። ጠረፍ ያላቸው ሮማኒያና ቡልጋሪያ ደግሞ ትልቁ የንግድ ሸሪካቸው ጀርመን ናት።

«በስዊዝ ቦይ በኩል የሚያልፈው መርከብስ?» ይሉኛል። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ጀምሮ የእስያ ዕቃ ወደ አውሮፓ በዚያው ያልፋል፣ ግን ማለፍ መነገድ አይደለም፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ጀልባ ደቅ ደሴትን ሳይነካ ቢያልፍ ደቅ ነገደች አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪያድ ላይ 8 አገሮች የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ምክር ቤት ማቋቋማቸውንም ይጠቅሱልኛል። ምክር ቤት መመሥረትና እርስ በርስ መገበያየት ለየቅል ናቸው። ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም፣ ጠረፍም የላትም፣ ሆኖም የጅቡቲ ወደብ ሥራ በአብዛኛው የእኛ ዕቃ ነው። እንግዲህ ከጅቡቲ ጋር ይበልጥ የተሳሰረው ማን ነው?

እውነተኛ ትስስር ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ከሱዳን ወደ ጅዳ በመርከብ የሚሻገረው በግና ፍየል የዘጌን ታንኳ ይመስላል፤ ሱዳን ይረባል፣ ጅዳ ይበላል። የፖርት ሱዳን ወደብ ቢዘጋ አርቢውም ነጋዴውም ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። የጉምሩክ ቁጥር የሚያሳየው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በሌሊት በትንንሽ ጀልባ የሚሻገረው ዕቃና ከብት እዚያ ውስጥ የለም። ሌላው ደግሞ ወደብ ላይ ወርዶ ተመልሶ የሚጫን ኮንቴይነር አንዳንዴ የወደቡ አገር ንግድ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሰው ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዕቃው መጨረሻ ላይ የት እንደተበላ ነው።