ልጅ መያዝም ሙያ ነው፦ የሕጻናት ክብካቤ ሠራተኞች በሐዋሳ

«ባለሙያ ናት» ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ወጥ ነው። ልጅ መያዝ ከሙያ አይቆጠርም፤ ከሴት ጋር አብሮ የተወለደ ይመስለናል። ሐዋሳ ውስጥ ይህን ሥራ ይዘው የሚውሉት ግን ብዙ ናቸው። የመንግሥት የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ ባለሙያዎች አሉ፤ ሶሻል ዎርከሮች (የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች)፣ የሕጻናት ማቆያ ሞግዚቶች፣ በኤስኦኤስ የሕጻናት መንደር ልጆችን በቤተሰብ መልክ የሚያሳድጉ «እናቶች» አሉ። ያለ ደመወዝ በየሰፈሩ የሚሯሯጡ በጎ ፈቃደኞችም አይረሱም።

የትምህርቱ ታሪክ የተቆራረጠ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሶሻል ዎርክ (የማኅበራዊ ሥራ) ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፈተ፤ በደርግ ዘመን ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመለስ የጀመረው በማስተርስ ነው። የ1977ቱ ረሃብም ሆነ ኤችአይቪ ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሥራውን የተሸከሙት እንግዲህ በአብዛኛው ሙያውን ክፍል ገብተው ያልተማሩ ሰዎች ናቸው።

የሙያ ደረጃ የሚባለው ነገር ለእነሱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመት ተማርክ?» ሳይሆን «ምን መሥራት ትችላለህ?» ሆኗል። ደረጃው ሥራውን በብቃት አሃዶች፣ ማለትም ሠራተኛው ሊችላቸው በሚገቡ ተግባራት፣ ይከፋፍላል። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲኦሲ የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና ይመጣል፤ በጽሑፍም በተግባርም። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። በልምድ ያወቀውን ይዞ መመዘንም ይቻላል። ሃያ ዓመት ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ልጅ ማባበሉ አይከብዳትም ባይ ነኝ፤ የሚያስቸግራት ያየችውን መጻፉ ነው።

መጻፉ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከገጠር ተነስቶ ሐዋሳ መናኸሪያ የወረደ የአሥር ዓመት ልጅ እንበል። መጀመሪያ ማብላት፣ ከዚያ ማዳመጥ። ስሙን ሊለውጥ ይችላል፤ ቀበሌውን ላያውቅ ይችላል። በጥያቄ ብዛት ማጣደፍ ያስደነብረዋል። የነገረው ሁሉ በኬዝ ፋይሉ፣ ማለትም የልጁ ጉዳይ በሚያዝበት መዝገብ፣ ይመዘገባል፤ ፋይሉም እንደ ቡና ወሬ ለጎረቤት አይነገርም። ቀጥሎ ቤተሰብ ፍለጋ ነው። ቤተሰቡ ከተገኘ ለምን እንደወጣ ሳያጣሩ መመለስ ያው ልጁን ደግሞ መናኸሪያ ማግኘት ነው። ካልተገኘ ዘመድ፣ አደራ ቤተሰብ (ልጁን በአደራ ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) ወይም የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይታያል። የሕጻናት ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው።

በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲቀር ሸክሙ እነዚህ የአገር ውስጥ መንገዶች ላይ ወደቀ። አደራ ቤተሰብን መምረጥ፣ ማሰልጠንና ደጋግሞ መጎብኘት የሰው ኃይል ይፈልጋል። እንደኔ ከሁሉ የሚቸግረው ጉብኝቱ ነው፤ የትራንስፖርት ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቀረው እሱ ነውና።