ዲስከስ ዓሣ ማሳደግ ለምትጀምሩ፦ ባሕር ዳር ላይ የሚነገረውና እውነታው

እቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አኳሪየሙ፣ ማለትም ዓሣ ወደማሳድግበት መስታወት ነው። ዲስከስ እንደ ሰሃን ክብ፣ ከጎንና ከጎን የተጫኑት የሚመስል ስስ ዓሣ ነው። ቀስ ብሎ ሲዞር ዓይን ይይዛል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ከጥያቄው ጋር ደግሞ እዚህም እዚያም የተሰማ ምክር። ብዙ ዓሣ የገደለው ይኸው ምክር ስለሆነ አንድ በአንድ ልመልሰው።

«ጣና አጠገብ ሆነህ ውሃ ያሳስብሃል?» ይሉኛል። በእርግጥ ዲስከስና የኛ ቆሮሶ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው። አገራቸው ግን ለየቅል ነው። ዲስከስ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ዓሣ ነው። የዚያ ውሃ ሙቅ፣ ማዕድን ያነሰውና ወደ አሲድ ያደላ ነው። የጣና ውሃ ለሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ አልካላይም (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላል። ከሐይቁ በባልዲ ሲቀዳ ደግሞ ጥገኛ ተውሳክ አብሮ ሊመጣ ይችላል። የቧንቧ ውሃ ይሻላል። ክሎሪን ስላለው ግን ክዳኑ በተከፈተ በርሜል፣ አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ይደር።

«ውሃው ጥርት ካለ ንጹህ ነው።» ይህኛው እኔንም ጎድቶኛል። ቅዳሜ መስታወቱን ሞላሁ፣ እሁድ ዓሣ ጨመርኩ። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ያለ አይመስልም ነበር። በአራተኛው ቀን ዓሣዎቹ ጠቆሩ። ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ያዙ። የስንጥባቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ሦስቱ ሞቱ። የገደላቸው አሞኒያ ነው፤ እሱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ዓሣው ከሚያስወጣውና ከተረፈ ምግብ ይፈጠራል። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ እስኪበዙ ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ፊልተሩንና ማሞቂያውን አስነሱ፣ ዓሣ በሌለበት ውሃ ላይ በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ጣሉ፣ በመለኪያ ተከታተሉ። አሞኒያና ናይትራይት ከፍ ብለው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ውሃውን በብዛት ቀይሩና ዓሣ ግዙ። መጠበቁ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ ጠብቁ።

«ለጀማሪ ሁለት ዓሣና ትንሽ መስታወት ይበቃል።» አይበቃም። ዲስከስ በቡድን የሚኖር ዓሣ ነው። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ጉልበተኛው ሌላውን ምግብ ይከለክለዋል። ቢያንስ 5 ወይም 6 ይሁኑ፣ ውሃውም ከ200 ሊትር አይነስ። ይህ ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ስለሚመዝን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ሲያድጉ ከመሃላቸው ጥንድ ራሱ ይለያል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ የእናትና የአባታቸውን ጎን ከበው፣ ከቆዳቸው የሚወጣውን ልጋግ ሲመገቡ ታያላችሁ። እኔ ይህን ባየሁበት ምሽት እራቴን ረስቼ ነው የቆየሁት።

«ባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» ዲስከስ የሚፈልገው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው፣ ሌሊትም ጭምር። የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ማሞቂያ ግድ ነው። ሌላም ነገር አለ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለኛ ቅንጦት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቅዝቃዜ ነው። 200 ሊትር ውሃ ግን ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ መስታወቱን በጋቢ ጠቅልሉት። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይኑራችሁ። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ፊልተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ እጠቡ። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

«ሎሚ ጨምቅበት፣ አሲድ ይወዳል» የሚልም አጋጥሞኛል። በፍጹም! እዚህ የምናገኘው አኳሪየም ውስጥ የተራባ ዲስከስ በአብዛኛው ከ7 ትንሽ ከፍ ያለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) ይለምዳል። የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው። የበሬ ልብ መመገብም የግድ አይደለም፤ ውሃ ያበላሻል። ጥሩ ደረቅ ምግብ በትንሽ በትንሹ ይበቃል። እንጀራና ዳቦ ግን አትጣሉባቸው።

የመጨረሻው በጣም ያሳስበኛል፦ «ከሰለቸህ ጣና ላይ ልቀቀው።» ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ዲስከሱ ብርዱን ባይችል እንኳ ይዞት የሚገባው በሽታ ሊቀር ይችላል። እምቦጭ ሐይቁን ምን እንዳደረገው አይተናል። ማሳደግ ካቃታችሁ ለሌላ አሳዳጊ ስጡ። በየሳምንቱ የምትቀይሩትን ውሃም አትክልት አጠጡበት እንጂ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አታፍስሱት።