«ኢን ቦካ አል ሉፖ»፦ ወደ ተኩላ አፍ የሚሸኝ ምርቃት

ጣሊያን አገር ለፓቴንቴ (ለመንጃ ፈቃድ) ፈተና በር ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ሐበሻ፣ ጎረቤቱ «ኢን ቦካ አል ሉፖ!» ሲለው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው «ግራትሲዬ» ነው። ለጨዋነት ነው፤ ግን ምርቃቱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። የባሰው ደግሞ አባባሉን ከወደዱት በኋላ በየቦታው መበተን ነው፤ ለሙሽሮች፣ ለልደት፣ ለአራስ ጥየቃ ሳይቀር። አራስ ቤት ገብቶ «ተኩላ አፍ ግቢ» ማለት እንዴት እንደሚሰማ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቦታው ጠባብ ነው። የሚነገረው ወዲህም ወዲያም ሊሆን ወደሚችል ነገር ለሚገባ ሰው፣ ከመግባቱ በፊት ነው፦ ለፈተና፣ ለሥራ ኮሎክዮ (ቃለ መጠይቅ)፣ ለመድረክ፣ ለኳስ ግጥሚያ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ። የፓቴንቴው የጽሑፍ ፈተና ጥሩ ማሳያ ነው፤ 30 የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄዎች በ20 ደቂቃ፣ ከ3 በላይ የተሳሳተ ወደቀ። እዚህ ተኩላው በሚገባ አለ። ሠርግና ልደት ላይ ግን የለም፤ እዚያ «አውጉሪ» ነው የሚባለው። ለመንገደኛ «ቡዎን ቪያጆ»፣ ፈተናውን አልፎ ለወጣ «ኮምፕሊሜንቲ»። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ «ኢን ቦካ አል ሉፖ» ማለት ዝናቡ ካባራ ዣንጥላ እንደ መዘርጋት ነው።

«ቡዎና ፎርቱና»፣ ማለትም «መልካም ዕድል»፣ ለምን አይበቃም? ቋንቋው ይፈቅደዋል፤ ብዙ ጣሊያናዊ ግን ፈተና ሊገባ ሲል በግልጽ መልካም ሲመኙለት ገድ ያበላሹበት ይመስለዋል፤ ክፉውን ለመመለስ ፈጥኖ ብረት የሚነካም አለ። ስለዚህ ክፉው ነገር አስቀድሞ በስሙ ይጠራል። ወዲያው ደግሞ ምርቃቱ የተነገረው ሰው ይገድለዋል፦ «ክሬፒ!» በሙሉው «ክሬፒ ኢል ሉፖ!»፣ ተኩላው ይሙት፣ ይፈንዳ ነው ነገሩ። ለሰው ቢባል ያጣላል፤ ለተኩላ ግን ደንቡ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ካልተባለ ጨዋታው እንደማይጀመር፣ ይኸኛውም ሁለት ሰው ካልተቀባበለው አይሞላም።

አነጋገሩ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። «ቦካ» ላይ ካ ትጠብቃለች፤ «ሊጡ ቦካ» እንደምንለው ማለት ነው፤ አላልቶ የሚናገራት ወዲያው ይታወቅበታል። «አል ሉፖ» ደግሞ ለሁለት አይቆረጥም፤ አንድ ላይ ተያይዞ ሉ እየጠበቀች ትወጣለች። ሌላው ቀላል ነው። አባባሉ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም አይለወጥም። «ክሬፒ» የሚመለከተው ተኩላውን እንጂ የሚያነጋግሩትን ሰው ስላልሆነ ለፕሮፌሰርም ለአለቃም ያው ነው፤ በ«ቱ» (አንተ) እና በ«ሌይ» (እርስዎ) መካከል መጨነቅ የለም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከፊቱ ግስ ከገባበት ምርቃትነቱ ይቀራል። «ካዴሬ ኢን ቦካ አል ሉፖ» ወይም «ፊኒሬ ኢን ቦካ አል ሉፖ» ማለት ከጠላት እጅ መውደቅ ነው። ከፖሊስ የሚሸሽ ሌባ አቋራጭ መንገድ ይዞ ኬላው ላይ ዘው ቢል እንዲህ ይባልለታል። ምርቃቱ ግስ የለውም፤ አራቱ ቃላት ብቻቸውን ይቆማሉ።

እንግዲህ ከየት መጣ? የጣሊያንኛ ጉዳይ ሲነሣ የሚጠየቀው በፍሎረንስ ያለው አካዴሚያ ዴላ ክሩስካ ወደ አዳኞች ይወስደዋል፤ ተኩላ ሊያድን የሚወጣ ሰው የሚሸኝበት ቃል ነበር፣ ኋላ አደገኛ ነገር ለሚጀምር ሁሉ ተረፈ ይላል። ደህና ነው። እኔ ግን ከእረኛው ወገን ነኝ፤ ምርቃቱ ከበግ ጠባቂዎች የመጣ ይመስለኛል። የተኩላ አዳኝ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚወጣ ሰው ነው፤ ሸኚም ተሸኚም የሚፈልግ ምርቃት ግን መንደር ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ከሚሰነባበትበት ቦታ ቢወለድ ይቀለኛል። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በመካከለኛው ጣሊያን ባለው ተራራማ ክልል፣ አብሩዞ ውስጥ፣ በየዓመቱ ነበር።

በግራን ሳሶና በማዬላ ተራሮች በጋው ሲያልቅ ሣሩም ያልቃል። በመስከረም ማብቂያ ገደማ በጎቹ ወደ ደቡብ፣ ፎጃ ዙሪያ ወዳለው የፑልያ ሜዳ ይነዱ ነበር፤ የሚመለሱት በግንቦት ነበር። ይህን ጉዞ ትራንሱማንዛ ይሉታል። መንገዱ ትራቱሮ ነው፤ ሣር የለበሰ፣ ስፋቱ በናፖሊ አለካክ 60 እርምጃ፣ ማለትም 111 ሜትር ገደማ። ከላኩዊላ እስከ ፎጃ የሚወርደው ብቻ 244 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የናፖሊ ንጉሥ የነበረው የአራጎኑ አልፎንሶ በ1447 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበግ ግብር የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት አቋቁሞለት ነበር፤ እስከ 1806 ቆይቷል። መንጋው የንጉሥ ገቢ ነበር ማለት ነው፤ ተኩላው ግን ግብር አይከፍልም።

ሌሊቱ ነው ከባዱ። እረኞቹ ችካል ተክለው የገመድ መረብ ይወጥሩና በጎቹን ያጉራሉ፤ መረቡ በጉ እንዳይበተን እንጂ ተኩላ እንዳይገባ አይሆንም። ተኩላን የሚመልሰው ውሻ ነው፤ ነጩ የማሬማና አብሩዞ ውሻ። ነጭነቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በጨለማ ዱላ ያነሣ እረኛ ውሻውን ከተኩላው መለየት አለበት። ወንዱ እስከ 45 ኪሎ ይመዝናል። ቡችላው ገና ከጨቅላነቱ በጎች መካከል ያድጋል፤ ከሰው ጋር ያደገ እንደሆነ ሌሊት እረኛው ጎጆ ደጃፍ ይተኛል፣ በጎቹን ይተዋል። አንገቱ ላይ «ቭሬካሌ» የሚሉት ሾሉ ወደ ውጭ የወጣ የብረት ማነቆ ይታሰርለታል፤ ተኩላ የሚይዘው ጉሮሮ ነውና። ያለ ቭሬካሌ የወጣ ውሻ፣ ተኩላዎቹ ሁለት ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ አይነጋለትም። እኔን ወደ እረኛው የሚስበኝ ይኸው ነው፦ በዚህ ኑሮ ውስጥ «የተኩላ አፍ» ዘይቤ አይደለም፤ ብረት የተሠራለት አደጋ ነው። ሴቶቹ ተራራው ላይ ቀርተው ከሰባት ወር በላይ ቤቱን ብቻቸውን ይይዙ ነበር፤ ለሚሄደው ሰው ስሙን ጠርተው የሚሸኙበት አደጋ ከዚህ የተሻለ ከየት ያገኛሉ?

አዳኙንም ሙሉ በሙሉ አልነፍገውም። «ሉፓሮ» የሚባለው ተኩላ ገዳይ የገደለውን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር፤ ባለ በጎቹም እንቁላል፣ አይብ፣ ጥቂት ሳንቲም ይሰጡታል፤ ከመንግሥትም ሽልማት ነበረው። መሣሪያው የብረት ወጥመድ፣ ጉድጓድ፣ ስትሪክኒን የሚሉት መርዝ የተለወሰ ሥጋ፣ እና ትልልቅ እርሳስ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በኋላ የሲሲሊ ማፍያ ያስጠራው አጭር ጠመንጃ «ሉፓራ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከተኩላ ነው። የ1939ኙ የአደን ሕግ ተኩላን ከጎጂ እንስሳት መድቦት ነበር። ማለት «ክሬፒ» የሚለው መልስ ለረጅም ዘመን ምኞትም ሥራም ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመላው ጣሊያን የቀሩት ተኩላዎች 100 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ1971 ከጎጂዎች መዝገብ ወጣ፣ በ1976 ሙሉ ጥበቃ አገኘ። በ2020 እና 2021 የተደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ 3,300 ያህል ገምቷል። ተኩላው ሲወደድ መልሱም ተቀየረ፤ ዛሬ በተለይ ወጣቱ «ቪቫ ኢል ሉፖ!»፣ «ተኩላ ይኑር!» ይላል። ምክንያት ተብሎ የሚዞረው ታሪክ የሚያምር ነው፦ እናት ተኩላ ግልገሎቿን ከአደጋ ለማሸሽ በአፏ ትይዛለች፤ ስለዚህ «ተኩላ አፍ ግባ» ማለት «ተጠበቅ» ማለት ነው ይሉናል። የሮም መሥራቾች የሚባሉትን ሮሙሎስና ሬሙስን ያጠባችውንም ተኩላ ይጨምሩበታል። ተኩላ ግልገሏን በአፏ መያዟ እውነት ነው። ግን እንዲያ ከሆነ «ክሬፒ» የሚለው መልስ እናቲቱን መርገም ሊሆን ነው፤ «ተኩላ አፍ ውስጥ መውደቅ» ለጥፋት መባሉም ትርጉም ያጣል። ለእንስሳ ማዘን ደግ ነው፤ ለማዘን ብሎ የእረኛውን ሌሊት መሰረዝ ግን አይገባም። አንድ ሰው «ቪቫ ኢል ሉፖ» ቢላችሁ አትከራከሩት፣ ፈገግ ብላችሁ እለፉት፤ ታሪኩን ግን እንደ ጥንት ምንጭ አድርጋችሁ ለሌላ አታስተምሩ።

ሆስፒታል ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ለቀላል ቀዶ ጥገና ለሚገባ የቅርብ ወዳጅ ይባላል፣ እሱም «ክሬፒ» ብሎ ይስቃል። ለጠና በሽተኛ ቤተሰብ ግን አይባልም፤ እዚያ «ፎርዛ» (በርቱ) ወይም «ኮራጆ» (አይዟችሁ) ነው። «ግራትሲዬ» ካላሉ የማይሆንላችሁ ደግሞ ከ«ክሬፒ» በኋላ ጨምሩት፦ «ክሬፒ! ግራትሲዬ!»።