«ፔዳሉን አጣ» የሚሉት ፈረንሳዮች

ፈረንሳዮች ሰው ሲደናገር «ፔርድር ሌ ፔዳል» ይላሉ፤ ፔዳሎቹን ማጣት ማለት ነው። ንግግር ጀምሮ መሃል ላይ ሐሳቡ የጠፋበት፣ ተናዶ የሚናገረውን የማያውቅ፣ ሁሉም ፔዳሉን አጣ ይባላል። እኛ «ውሉ ጠፋበት» የምንለው ነው። የእኛ ከፈታይ እጅ መጣ፣ የእነሱ ከብስክሌት።

አንዳንዱ መነሻው የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ፔዳል ነው ይላል። እኔ ወደ ብስክሌቱ አደላለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብስክሌት ላይ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ ዝም ብሎ መንሸራተት የለም። ቁልቁለት ላይ እግርህ ካመለጠህ አለቀልህ። ፔዳሉ ቅልጥምህን እየጠለዘ ይሽከረከራል፣ መልሰህ አትይዘውም።

ፔዳሉን በእውን ማጣትም አለ። አንድ አሮጌ ፔዦ ብስክሌት ገዝቼ ሁለቱ ፔዳሎች የሚዞሩበትን የመሃል ዘንግ ላጸዳ ተነሳሁ። ዘንጉን ግራና ቀኝ የሚይዙት የብሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀለበቶች ናቸው፤ ፈረንሳዮች «ኩቬት» ይሏቸዋል፣ ሳፋ እንደማለት። የማውቀው የእንግሊዞቹን ነበር። በእነሱ የቀኙ ቀለበት ጥርስ ግልብጥ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ታዞራለህ። ቁልፉን ወደ ቀኝ ጫንኩት። ንቅንቅ የለም። ቧንቧ ጨምሬ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ግራ ገባኝ።

ለካ እያጠበቅኩት ነው! በድሮው የፈረንሳይ ልክ ሁለቱም ቀለበቶች እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ነው የሚፈቱት። ስፋታቸው 35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ዙር የሚገቡት 1 ሚሊ ሜትር። ይህን «ፓ» ይሉታል፣ እርምጃ ማለት ነው። የእንግሊዙ 34.8 ገደማ ስለሆነ በዓይን አትለየውም። የእንግሊዙን የግራ ቀለበት ፈረንሳዩ ላይ ብትሞክር ለመጀመሪያው ዙር ሰተት ብሎ ይገባልህና ከዚያ ጥርሱን ይበላዋል።

የእንግሊዞቹ ግልብጥ ጥርስ ዝም ብሎ አልመጣም። ስትነዳ የቀኙ ቀለበት ወደ ግራ የመዞር ፀባይ አለው፤ ስለዚህ የፈረንሳዩ በደንብ ካልጠበቀ ቀስ በቀስ ይላላል። ፔዳሎቹ ላይ ግን ፈረንሳዮቹም ተጠንቅቀዋል፤ የግራው ፔዳል ግልብጥ ነው። እንዳትሳሳት የቀኙ ላይ «ዴ»፣ የግራው ላይ «ዤ» የሚሉ ፊደሎች ተቀርጸዋል፣ ድሯትና ጎሽ፣ ቀኝና ግራ።

ቀለበቱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ቁልፉን ወደ ግራ ስገፋው ጠቅ ብሎ ለቀቀ፣ ጥቁር ግራሶም ጫማዬ ላይ ጠብ አለ።