ጥያቄና መልስ በክፍል ውስጥ፦ ከኮተቤ እስከ ለገጣፎ

እዚህ ጥያቄና መልስ የምንለው ፈተናም አሳይመንትም ያልሆነውን፣ ማርክ የማይያዝበትን፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ስለ ተራራ ስለ ጦርነት ስለ ሯጭ ስለ ፕላኔት ምናምን የሚጠያየቅበትን ነው። ከኮተቤ በካራ አድርጎ እስከ ለገጣፎ ባሉት ትምህርት ቤቶች ይሄ በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ ግን ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው ስላላገኘሁ እጄ ላይ ካሉት ሦስት የሚኒ ሚዲያ ደብተሮችና ከራሴ ትዝታ ነው ያጠናቀርኩት።

ዘሩ ከእንቆቅልሽ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» ተባብሎ ያልመለሰ «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ሰጥቶም ከስድብ አይተርፍም። ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም በዳግማዊ ምኒልክ ተጀመረ፣ ከዛ በኋላ ጥያቄና መልስ መቼ ክፍል እንደገባ ደብተሮቼ ላይ የለም።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ቡድን ሀ እና ቡድን ለ፣ ከእያንዳንዱ አራት አራት ልጅ ፊት ይወጣል፣ ሌላው ተመልካች ነው። ጥያቄዎቹ ቁጥር አላቸው፣ ተወዳዳሪው «ቁጥር 7» ይላል፣ ጠያቂው ያነባል፣ ሰዓት ያዢው 10 ሰከንድ ይቆጥራል። ለራስ ጥያቄ 2 ነጥብ፣ ሌላው ቡድን አቅቶት ለተላለፈ 1 ነጥብ፣ ሁለቱም ካቃታቸው ለተመልካች ይሄዳል፣ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ከኋላ ወንበር ሁሌ ዝም የሚለው ልጅ ተነስቶ መልሶ ክፍሉን የሚያስጮኸው። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት ነው። ክፍሉ ውስጥ 60 ልጅ ቢኖርም ይሠራል፣ የመሀል ከተማ ልጆች ላብራሪ አላቸው፣ ኮምፒውተር አላቸው፣ እኛ ጋ ደሞ የጥያቄ ደብተር አለ፣ ማን እንደሚያሸንፍ መናገር ባያስፈልግም ብዙ ጊዜ አላሳፈርንም።

ደብተሮቹን ሳገላብጥ ዓድዋ የሌለበት ገጽ ማግኘት ከባድ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 የማይመልስ ልጅ ስለሌለ ጠያቂዎቹ ማክበድ ጀምረዋል፣ ውጫሌ የተፈረመው መቼ ነው (1881)፣ ያጣላው አንቀጽ ስንት ነው (17) እያሉ። ሉሲም አለች፣ ሐዳር፣ 1967 ዓ.ም፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። አበበ ቢቂላ ግን ሁሌ ያጣላል። ሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው መቼ ነው ሲባል አንዱ 1952 ሌላው 1960 ይላል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ዘመን አቆጣጠሩ ነው የሚለየው። በዚህ ጭቅጭቅ ምክንያት ሁለተኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጹ ላይ «ዓ.ም ወይስ እ.ኤ.አ ሳይባል ዓመት አይጠየቅ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል፣ በኔ ግምት ጠቅላላ ደብተሩ ላይ ካለው ሁሉ ይሄ መስመር ይበልጣል።

ትልቁ ችግር መልሱ ያረጃል። ራስ ደጀን በድሮው መጽሐፍ 4,620 ሜትር ነው፣ አሁን 4,550 ይባላል፣ 4,533 የሚልም አለ፣ ዳኛው የያዘውን ነው የሚያጸድቀው። ፕሉቶ በነሐሴ 1998 ከፕላኔትነት ከወጣች በኋላም ፕላኔት 9 ነው ብሎ ነጥብ የወሰደ ቡድን አውቃለሁ (እኔም ነበርኩበት)። የክልል ብዛት ደሞ የባሰ ነው፣ 9 የነበረው ሲዳማ በ2012 ሲጨመር 10፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ሲጨመር 11፣ በ2015 ደቡብ ለሁለት ሲከፈል 12 ሆነ፣ ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ተጽፏል። የአፍሪካ አገራት ስንት ናቸው ሲባልም የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆኑት 54፣ የአፍሪካ ኅብረት ደሞ ሰሀራዊን (ምዕራብ ሳህራን) ጨምሮ 55 ነው፣ ስለዚ ጠያቂው በማን ቆጠራ እንደሆነ መናገር አለበት። ለገጣፎም ራሷ ጥያቄ ሆናለች፣ ከ2015 ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው የኦሮሚያ ሸገር ከተማ ውስጥ ናት፣ ይሄን የካራ ልጅ ሲሳሳት የለገጣፎ ልጅ ይስቃል።

ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ መምህራን አሉ፣ ሽምደዳ ነው ይላሉ፣ ትንሽ እውነት አለው። ግን ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ ያወጡት ጥናት አለ፣ ደጋግሞ ያነበበው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቅ ቀደመ፣ ከ1 ሳምንት በኋላ ግን በመሀል ተፈትኖ የነበረው በለጠ። እኛ ጋ ደሞ የተሳሳቱበትን ጥያቄ የሚረሳ ልጅ አላየሁም፣ ሰው ፊት ተስቆበታላ።

ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት) ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ጠይቆ መልሱን ራሱ እየተናገረ ስለሚያልፍ ለውድድር አልተመቸም። አሁን በስልክ የሚሠሩት እንደ ካሁት ያሉትም ያው ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ እዚህ ብዙ አልተለመዱም።

የመጨረሻው ዙር ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ይደረጋል። ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነው፣ አንድ ዓመት ለአራት ልጅ ስድስት ደብተር ተሰጥቶ ሁለቱን ማን ይውሰድ ሲባል ዳኛው «ጥያቄ እንጠይቃቸዋ» አለና እንደገና ተጀመረ።