አየርላንዳዊ አያትን ከመዝገብ መፈለግ

የአየርላንድ ሰዎች የቤተሰብ ስም ራሱ ስለ አያት ይናገራል። ከስሙ ፊት የምትገባው «ኦ» በአይሪሽ ቋንቋ የልጅ ልጅ ማለት ናት፣ «ማክ» ደግሞ ልጅ። ኦብራየን የብሪያን የልጅ ልጅ፣ ማለትም የብሪያን ዘር ነው። በእኛ ሀገር የአያት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። እነሱ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረን አንድ አያት ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ የቅርቡን አያት፣ የአባትን ወይም የእናትን አባት፣ ለማግኘት መዝገብ ማገላበጥ ግድ ነው።

በልማዱ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፣ ሁለተኛው የእናቱን አባት። ይህ ለፈላጊው ጥሩ ፍንጭ ነው። ችግሩ፣ በአንድ አካባቢ ስማቸው አንድ የሆነ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። የሚለያቸው ታውንላንድ ነው። ታውንላንድ ከእኛ ቀበሌ የምታንስ የመሬት ክልል ናት። በደሴቱ ላይ ወደ 61,000 ገደማ አሉ። ካውንቲውን፣ ማለትም ሰፊውን የአስተዳደር ክልል፣ ብቻ ይዞ የሚነሳ ሰው ብዙ ይደክማል። ታውንላንዷን ያወቀ ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል። (ቀኑና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የአየርላንድ መዝገብ ተቃጥሏል» ሲባል ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። እሳቱ እውነት ነው። በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ፣ ሰኔ 30 ቀን 1922 ደብሊን ውስጥ ፎር ኮርትስ በሚባለው ግቢ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። የ1821፣ የ1831፣ የ1841 እና የ1851 ቆጠራ ወረቀቶች በአብዛኛው አለቁ። ኑዛዜዎችና ብዙ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን (የአንግሊካን) መዝገቦችም አብረው ሄዱ። ግቢውን የያዙት ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት ተቃዋሚዎች ነበሩ፣ በመድፍ የደበደባቸው የመንግሥቱ ጦር። ፍንዳታው ሆን ተብሎ ነው ወይስ በድብደባው የመጣ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ሌላ ነገር ነው፤ የ1861 እና የ1871 ቅጾች የጠፉት በእሳት ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ ነው። የ1881 እና የ1891ዎቹም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተፈጭተዋል። ተመራማሪዎች ደግሞ በሌሎች ቤተ መዛግብት የቀሩ ግልባጮችን እየሰበሰቡ የጠፋውን መዝገብ ቤት በኮምፒውተር መልሰው እየገነቡት ነው፤ በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል። ትልቅ ሥራ ነው።

የፍለጋው እምብርት ግን የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ሁለቱንም በኢንተርኔት በነጻ አቅርቧቸዋል። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ቅጹን ያደሉትና የሰበሰቡት ፖሊሶች ናቸው፣ የሞላው ግን ብዙውን ጊዜ የቤቱ አባወራ ነው። ስለዚህ የቅድመ አያትን የእጅ ጽሑፍ በዓይን ማየት ይቻላል። መጻፍ የማይችል ሰው ከሆነ የመስቀል ምልክቱ ይታያል። ቅጹ ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ሥራ፣ ማንበብና መጻፍ፣ አይሪሽ ቋንቋ መቻልን ይጠይቃል። የ1911ዱ ያገባችን ሴት ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ጭምር ይጠይቃል። ስምንት ወልዳ አምስት የቀሩላትን እናት እዚያ ላይ ሲያገኙ ልብ ይነካል። ስለ ቤቱ የሚናገር ሌላ ቅጽም አለ፤ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ጣሪያው ሣር መሆን አለመሆኑን፣ በፊት ለፊት ስንት መስኮት እንዳለው ያሳያል።

ዕድሜ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1909 ዕድሜያቸው 70 ለደረሰ ድሆች ጡረታ መከፈል ጀመረ። በወጣትነታቸው የልደት ምዝገባ ስላልነበረ ብዙዎች በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ባለው አሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጁ ሆነው ተገኙ።

የሁሉም ዜጋ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ1864 ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። ዘግይቶ ያስመዘገበ ሰው ቅጣት ስለነበረበት፣ ወላጆች የልደቱን ቀን ወደፊት ይገፉት ነበር። ልጁ ከተመዘገበው የልደት ቀን በፊት ክርስትና ተነሣ የሚል ማስረጃ ቢገኝ ትክክለኛው የክርስትናው ቀን ነው ማለት ይቻላል።

የካቶሊክ ሰበካ መዝገቦችን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 በነጻ ለቋቸዋል። ብዙዎቹ በላቲን የተጻፉ ናቸው። ጄምስ እዚያ «ያኮቡስ» ነው። በከተሞች አንዳንዶቹ ከ1700ዎቹ አጋማሽ ይጀምራሉ፣ በምዕራቡ ግን ብዙዎቹ ከ1820ዎቹ በኋላ ናቸው። ከዚያ በፊት ለድሃ ገበሬ ቤተሰብ የሚገኘው ጥቂት ነው።

አያት ወታደር ከነበረ፣ የእንግሊዝ ጦር የአንደኛው ጦርነት የአገልግሎት ፋይሎች በአብዛኛው በ1940 የለንደን ድብደባ ተቃጥለዋል፣ የሜዳሊያ ካርዶቹ ግን ተርፈዋል። ለነጻነት የተዋጋ ከሆነ የጡረታ ማመልከቻው ሊገኝ ይችላል። ከ1947 እስከ 1957 ስለ ነጻነት ትግሉ ከተሰበሰቡት 1,773 የምስክርነት ቃሎች በአንዱም ስሙ ሊነሣ ይችላል።

ብዙ ሰው ይህን ፍለጋ የሚጀምረው ለዜግነት ነው። አያቱ በአየርላንድ ደሴት ላይ የተወለደ ሰው፣ እሱ ራሱ ውጭ ሀገር ቢወለድም፣ በውጭ ልደቶች መዝገብ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። በሰሜን አየርላንድ የተወለደ አያትም ይቆጠራል። ለዚህ የአያት የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።