በይነ ባህላዊ ተግባቦት ምንድን ነው?

በይነ ባህላዊ ተግባቦት ማለት በተለያየ ባህል ያደጉ ሰዎች ሐሳብ ተለዋውጠው የሚግባቡበት መንገድ ነው። ብዙዎች ከትርጉም ሥራ ጋር ያመሳስሉታል፤ ይሁን እንጂ ቃል መተርጎም ቀላሉ ነው፤ የሚከብደው ሌላው ወገን ምኑን ክብር፣ ምኑን ነውር እንደሚል ማወቁ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ የዚህ ጥንታዊ ምስክር አክሱም ይገኛል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና በቤጃዎች ላይ የተደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ሲያስቀርጽ፣ ጽሑፉ በግሪክኛና በግዕዝ፣ ግዕዙም በሳባ ፊደል ጭምር እንዲቀመጥ አደረገ። ንጉሡ በግዕዙ «የማሕረም ልጅ» ሲባል በግሪክኛው ግን «የአሬስ ልጅ» ተብሏል። ማሕረም የሚለው የአክሱማውያን አምላክ ስም ለግሪክኛ አንባቢ ምንም ስለማይነግረው፣ ጸሐፊው አንባቢው የሚያውቀውን የጦርነት አምላክ በቦታው ተካለት።

ይህ ብልሃት በቤተ መንግሥትም ሆነ በጽሑፍ ብቻ አልቀረም። ወሎን በመሳሰሉ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው በሚኖሩባቸው አካባቢዎች፣ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ከነሕይወቱ ያስረክባል፤ እነሱም በራሳቸው ቢላ «ቢስሚላህ» ብለው ያርዱታል፣ ወጡም በተለየ ድስት ይሠራል። ሙስሊሙ ሲደግስም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። «ከእኔ ቤት ሥጋ ለምን አትበላም?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቁ ራሱ አለማወቅ ነው። ለእኔ ከአክሱሙ ድንጋይ ይልቅ ይህ የተለየ ድስት ነገሩን አጉልቶ ያሳየኛል።

በኦሮሞ ባህል ደግሞ መግባባት እስከ ዝምድና ይደርሳል። ጉዲፈቻ የሌላን ሰው ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ የማሳደግ ሥርዓት ሲሆን፣ ሞጋሳ ከሌላ ሕዝብ የመጣን ሰው፣ አንዳንዴም መላውን ማኅበረሰብ፣ የጎሳው አባል ያደርጋል። እርግጥ ሞጋሳ ከጦርነት ማግስትም ይፈጸም ስለነበር ሁልጊዜ የእኩዮች ስምምነት ነበር ማለት አይቻልም። ጉዲፈቻ ግን ከነቃሉ አማርኛ ውስጥ ገብቶ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ላይ ሰፍሯል፤ ዛሬ ልጅ ለማሳደግ ፍርድ ቤት የሚሄድ አማርኛ ተናጋሪም ቃሉ ከሌላ ቋንቋ መምጣቱን ሳያስብ ይጠቀምበታል።